የተሰበረ ባሌስትራ በግቢ ውስጥ ሲለወጥ

ከጅማ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ዓለም ገናን አልፎ አየር ጤና ሲደርስ የኮልፌ ቀራንዮን ምድር ረገጠ። ከአየር ጤና አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የመኖሪያ ግቢ ውስጥ የአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት የሆነች ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክ አፕ ወደ ቀኝ አጋድላ ቆማለች። የውኃ መሳቢያ ሞተር ልትጭን ወደ ከተማ ስትገባ የኋላ ቀኝ ባሌስትራዋ ተሰብሯል። የግቢው ባለቤት በጡረታ የተገለሉ መካኒክ ሲሆኑ ለመኪናዋ ሾፌር አጎቱ ናቸው። የማኅበሩ ሊቀ መንበርም መለዋወጫ የሚገዛበትን ገንዘብ ይዘው በማለዳ ከገጠር ገብተዋል።

ወቅቱ የማዳበሪያ ማከፋፈያ በመሆኑ መኪናዋ አንድ ቀን በቆመች ቁጥር በቀበሌው የሚጠብቀው ገበሬ ብዙ ነው። በጋራዥ ወረፋ አለ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም የመለዋወጫ ዋጋ ሽቅብ ወጥቷል። ስለሆነም ሥራው እዚያው ግቢ ውስጥ እንዲሠራ ተወሰነ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከጧት እስከ ማታ አብሮ ቆይቶ ተመልክቷል።

ባሌስትራ የሚለው ቃል እንደ ክሪክና እንደ ዳዶ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጣሊያን በ1933 ሲወጣ ቃሉ ከጋራዡ ሳይወጣ ቀርቷል። ዕቃው ራሱ ጎበጥ ያሉ ብረቶች ከረጅሙ ወደ አጭሩ ተደራርበው፣ በመሃል ብሎን ተይዘው የሚሠራ ነው። ዋናው፣ ማለት ረጅሙ ብረት፣ በፊት ጫፉ ከሻንሲው ጋር በማይንቀሳቀስ ማያያዣ፣ በኋላ ጫፉ ደግሞ ወዲያና ወዲህ በሚል ማያያዣ ይታሰራል። ጭነት ሲበዛ ብረቱ ይዘረጋል፤ ሲዘረጋ ይረዝማል፤ የኋላው ማያያዣ የሚወዛወዘው ለዚሁ ነው። መሃሉ ከአክስሉ ጋር የሚጠፈረው እንደ ቀለበት በታጠፉ፣ ሁለት ጫፍ ባላቸው ብሎኖች ነው። ለገበሬ ምሳሌ ካስፈለገ፣ እነዚህ ብሎኖች ቀንበርና ሞፈርን እንደሚያስረው ምራን ናቸው። ምራኑ ሲላላ ማረሻው የሚያደርገውን ሁሉም ያውቃል።

መካኒኩ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የተሰበረውን ብረት አጎንብሰው ደጋግመው ተመለከቱ። የስብራቱ ግማሽ ዝጓል፤ ግማሹ ግን እንደ አዲስ ብረት ያብለጨልጫል።

«ይህ ትናንት የተሰበረ አይደለም» አሉ። «የዛገው በፊት የተሰነጠቀው ነው። ያ ሲከፋፈት ቆይቶ የቀረው ትናንት ለቀቀ። ልጄ፣ ምን ስትጭን ነበር?»

ሾፌሩ ወደ ሊቀ መንበሩ አየ። ሊቀ መንበሩም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እውነቱን ልናገር፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሉ። በአንድ ምልልስ 30 ከረጢት ማዳበሪያ ከነአራት ሰው ይጫን ነበር።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። ሠላሳው 15 ኩንታል ይሆናል። በላዩ የተቀመጡት ሰዎች ሁለት ኩንታል ተኩል ያህል ይጨምራሉ። እንዲህ ያለች ፒክ አፕ የምትሸከመው ወደ 10 ኩንታል ነው። ቁጥሩም ከሊብሬው ላይ ይነበባል። ብዙ ማኅበራት ግን ሊብሬውን በካዝና ቆልፈው ስለሚያስቀምጡት መጋዘን የሚጭነው ሰው አይቶት አያውቅም። ይህ ጥፋት የሾፌር ብቻ አይደለም።

ሥራው የተጀመረው ጎማ በመደገፍ ነበር። ሾፌሩ የእጅ ፍሬን ስቦ ክሪኩን ሊያስገባ ሲል አጎቱ አስቆሙት። የዚህች መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው፤ የኋላው ከመሬት ከተነሣ ፍሬኑ ምኑን ይዞ ያቆማል? ስለዚህ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በጠርብ ታገዱ። የጎማው ብሎኖችም መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች ላላ ተደረጉ። ከዚያ ሻንሲው በክሪክ ተነሥቶ ከሥሩ ወፍራም አጣና እየተመሳቀለ ተደረደረ። በገጠር ለድጋፍ ብሎኬት ሲያስቀምጡ በብዛት ይታያል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ምልክት ሳይሰጥ በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳል፤ ከሥሩ ያለ ሰው ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። በክሪክ ብቻ በተነሣች መኪና ሥር መግባትም እንደዚሁ ነው።

ሁለተኛ ክሪክ ከአክስሉ ሥር ገባ። ሻንሲውን የያዘው አጣና ነው፤ አክስሉን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ይህኛው ክሪክ ነው። አክስሉ ተለቆ እንዳይንጠለጠል መጠንቀቅ ያሻል፤ ምክንያቱም የፍሬን ዘይት የሚያስተላልፈው ጎማ ከርሱ ጋር ስለተያያዘ ሊበጠስ ይችላል። የዛጉት ዳዶዎች ከዋዜማው ጀምሮ በናፍጣ ርሰው ስለነበር ከአንዱ በቀር በቀላሉ ተፈቱ። ያ አንዱ በመጋዝ ተቆረጠ፤ ግማሽ ቀን የፈጀው እርሱ ነው።

ሊቀ መንበሩ ከመለዋወጫ ሱቅ ሲመለሱ ለሁለቱም ጎን የሚሆን ባሌስትራ፣ አዲስ ጎሚኒና አዲስ የማሰሪያ ብሎኖች ይዘው ነበር። የግራው አልተሰበረም፤ ነገር ግን ያረጀና አዲስ ጎን ለጎን ከተደረጉ መኪናዋ ማጋደሏን አትተውም። የማሰሪያ ብሎን ደግሞ አንዴ ሲጠብቅ ስለሚለጠጥ ተመልሶ አይታሰርም። ወጪው ሊቀ መንበሩን ሳይከብዳቸው አልቀረም። በዚያው ላይ ሌላ ሐሳብ አመጡ።

«ጋሼ፣ በየጎኑ አንድ ተጨማሪ ብረት ቢገባበትስ? ከዚያ በኋላ 15 ኩንታሉን ትችለዋለች።»

«ባሌስትራው ይችላል» አሉ መካኒኩ። «አክስሉን ማን ያጠነክርልዎታል? ሻንሲውንስ? ጎማውንስ? ፍሬኑስ?»

አያይዘውም ከመኪናዋ ሥር አንድ ቀጭን ዘንግ አሳዩአቸው። በአንዳንድ ፒክ አፖች ላይ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ የፍሬን ማመጣጠኛ አለ። ኋላዋ ዝቅ ሲል ጭነት እንዳለ ይቆጥርና ለኋላ ጎማ ብዙ ፍሬን ይሰጣል። ብረት ተጨምሮ ኋላዋ ከፍ ብሎ ከቀረ ግን ባዶ የሆነች ይመስለዋል፤ ስለዚህ በሙሉ ጭነት ቁልቁለት ስትወርድ የኋላ ፍሬኗ ይቀንሳል። ሊቀ መንበሩ ሐሳባቸውን ተዉ። የተሰበረውን በብየዳ ስለማስቀጠልም ተነሥቶ ነበር። የባሌስትራ ብረት በብየዳ እሳት ሲነካ ጥንካሬውን አጥቶ ተሰባሪ ስለሚሆን ከብየዳው አጠገብ መልሶ ይሰበራል፤ ይህ ሐሳብም ወደቀ።

አዲሱ ሲገጠም የመሃል ብሎኑ ራስ በአክስሉ ላይ ካለው ቀዳዳ በትክክል መግባት አለበት። የባሌስትራው የፊትና የኋላ ርዝመት እኩል ላይሆን ስለሚችልም ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ተለክቶ ነው የሚገባው፤ ተገልብጦ ከገባ አክስሉ ከቦታው ይሸሻል። ጎሚኒው ናፍጣና ግሪስ ስለሚያበላሸው በሳሙና ውኃ ተቀብቶ ገባ። የጫፍና የጫፍ ብሎኖች እስከ መጨረሻው የጠበቁት ግን መኪናዋ ከአጣናው ወርዳ በራስዋ ጎማ ከቆመች በኋላ ነው። በአየር ላይ እንዳለች ቢጠብቁ ኖሮ፣ ስትወርድ ጎሚኒው ተጠማዞ በጥቂት ጊዜ ይቀደድ ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ሻንሲው ላይ ያለው መያዣ ግን ተሰንጥቆ ቢገኝ ይህ የግቢ ሥራ አይሆንም፤ ጋራዥ መግባት ግድ ነው። እንደ ዕድል መያዣው ደኅና ነበር።

ማምሻውን አሮጌው ብረት ሜዳ ላይ ተከምሮ ሳለ አንድ ቁራሌው ብቅ ብሎ ዋጋ ጠራ። ሊቀ መንበሩ አልሸጡም። የባሌስትራ ብረት ካርቦን ያለው ጠንካራ ብረት በመሆኑ ቀጥቃጮች ለማረሻ፣ ለማጭድና ለመጥረቢያ ይፈልጉታል። በመርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ በገጠር ገበያ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ ተቆጥሮ፣ በማኅበሩ ንብረት መዝገብ ገቢ ሊሆን፣ በጆንያ ታስሮ ከኋላ ተጫነ።

ሾፌሩ የማሰሪያ ብሎኖቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ እንደገና እንዲያጠብቅ ታዟል። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ሊብሬውን ከኪሳቸው አውጥተው የጭነቱን ልክ በደብተር ጻፉ፤ ከሥሩም «ሰው ሳይጨምር 20 ከረጢት» የሚል አከሉበት። ወረቀቱ መጋዘኑ በር ላይ እንደሚለጠፍ ነግረውን በማግስቱ ማለዳ የውኃ መሳቢያውን ጭነው በዓለም ገና በኩል ተመለሱ።