እርማቸውን ያላወጡ እናቶች

በቀይ ሽብር ጊዜ ልጇን ያጣች እናት በደል በልጇ ሞት ብቻ እንዳላበቃ በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። ሬሳው በጎዳና ተጥሎ ይውላል። ማልቀስ፣ ከል መልበስ፣ ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነው። ሬሳውን እንዲወስድ የተፈቀደለት ቤተሰብ የጥይቱን ዋጋ ክፈል የተባለበት ጊዜም ነበር። በእኛ ባህል ቀብረው፣ አልቅሰው እርም ያላወጡለት ሰው ሞተ አይባልም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ይጠበቃል። እነሆ ከአርባ ዓመት በላይ አልፎም እርማቸውን ሳያወጡ በስደት የሚኖሩ እናቶች በመካከላችን አሉ።

ይህን ጉዳይ እንዳነሣ ያደረገኝ በልጅነቷ ከአገር የወጣችው መዓዛ መንግስቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ልቦለድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሞ ወደ በርካታ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከአንበሳው ዓይን ሥር» እንደ ማለት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው አብዮቱ በፈነዳበት በ1974 አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ኃይሉ በሞት አፋፍ ላይ ያለችውን ባለቤቱን ሰላምን ያስታምማል። እናት ከቤቱ ስትወጣ ቤቱም አገሩም አብሮ ይፈርሳል። ታናሹ ልጅ ዳዊት ሌሊት ሌሊት በየመንገዱ የተጣለውን ሬሳ እያነሣ ለቤተሰቡ ለማድረስ በነፍሱ ይወራረዳል። የታላቅ ወንድሙ የዮናስ ሚስት ሳራ ልጅ አልጸናላት ብሎ የቀረቻት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት። ስሟ ትዝታ ነው። ልጅቷ ስትታመም እናት እየዳኸች፣ ጉልበቷ እስኪደማ አምላኳን ትማጸናለች። ሶፊያ ደግሞ ድሃ እናት ናት፤ ትንሹ ልጇ ብርሃኔ በወታደሮች እጅ ይወድቃል። እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ውጭ ወጥቼ መቆም ግድ ሆኖብኛል።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። የደርጉ መሪ «ጉዱ» በሚል የፈጠራ ስም የቀረበ ስለሆነ፣ ታሪክ ልማርበት ብሎ የሚያነበው ሰው ይሳሳታል። ነገር ግን ስለዚያ ዘመን ስንነጋገር ኢሕአፓና መኢሶን፣ ማን ቀድሞ ተኮሰ በሚለው ክርክር በየካፌው ተጣልተን የምንለያይ ሰዎች ነን። ይህች ጸሐፊ ያንን ትታ በየጓዳው የታፈነውን ለቅሶ ሰምታለች።

የተጠለልንበት ሕዝብ ሐዘኑን አይደብቅም። አምስተርዳም በየዓመቱ ሜይ 4 ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የዳም አደባባይ ለሁለት ደቂቃ ጸጥ ይላል። ሮተርዳም በ1940 በቦምብ ለወደመችው ከተማ፣ ደረቱ የተቦደሰ ሰው ሐውልት በ1953 አቁማለች። የቀራጺው ስም ዛድኪን ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የእናቶቻችን አንጀት ይታየኛል።

የእኛም ሐዘን በዚህ አገር አንድ ቀን ተሰምቷል። ዲሴምበር 15 ቀን 2017 የሄግ ፍርድ ቤት፣ በደርግ ዘመን በጎጃም ሹም በነበረውና በኋላ የሆላንድ ዜግነት ባገኘው በእሸቱ ዓለሙ ላይ በጦር ወንጀል የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ከክሶቹ አንዱ በ1978 በደብረ ማርቆስ 75 ወጣት እስረኞች የተገደሉበት ነው። ሰውየው አልፈጸምኩም ብሎ ተከራክሯል፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2022 ቅጣቱን አጽንቷል።

ፍርድ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ዳኛ የሚጠይቀው ማን ገደለ፣ መቼ፣ የት የሚለውን ነው። ልጁ ምን ይወድ እንደነበር፣ እናቱ ስንት ዓመት እራቱን ሳታነሣ እንደጠበቀችው በመዝገብ አይሰፍርም።

ባለፈው ሮተርዳም ውስጥ ቡና ተፈልቶ፣ የሶፊያን ታሪክ ለአንዲት ትልቅ ሴት በአማርኛ አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ሬሳውን ሰጧት?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ደራሲዋም ስለ ሌላውም አልጠየቁኝም። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ስሙን ከአፋቸው ሰምቼ የማላውቀውን የወንድ ልጅ ስም ጠሩ።

ወገኖቼ፣ እንግሊዝኛ የምታነቡ ልጆች ይህን መጽሐፍ አንብባችሁ ለእናቶቻችሁ ተርኩላቸው። ከዚያም ዝም ብላችሁ አዳምጧቸው። የሚጠሩትን ስም ከነአባቱ ጻፉት። እነሱ ካለፉ በኋላ የምንጠይቀው ሰው አይኖርም።