ከሆስፒታል ወጥቶ ዘወትር አስታማሚ ስለሚያሻው ሕመምተኛ

ብዙ ሰው ወላጁን ከሆስፒታል በሚያስወጣበት ቀን ድካሙ ሁሉ የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን በስትሮክ ምክንያት አንድ ጎኑ አልታዘዝ ላለው ሕመምተኛ ይህ ቀን የሌላ ረዥም አገልግሎት መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ ሊዘጋጅበት ይገባል።

ስትሮክ የሚመጣው ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ወይም በአንጎል ውስጥ የደም ሥር ሲፈነዳ ነው። በፊዚዮቴራፒ እየታገዘ እጅና እግር ከሁሉ ይልቅ የሚያገግመው በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ መሻሻሉ ባይቀርም ዝግ ይላል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ በቤት ይታመም» ቢል ተስፋ ስለ ቈረጠ አይደለም፤ የቀረው ሥራ የየዕለት ጥንቃቄ ስለ ሆነ ነው።

ከመውጫው ቀን በፊት አስታማሚው ሕመምተኛውን ማገላበጥን፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ማሻገርንና ማጉረስን በነርሷ ፊት በገዛ እጁ ሠርቶ ይማር። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና ሰዓት፣ የቀጠሮውም ቀን በጽሑፍ ይያዝ። የደም ግፊት መድኃኒት «ተሽሎኛል» ተብሎ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥም።

በቤትም ብርሃንና አየር የሚገባበት፣ ለመጸዳጃ ቤት የቀረበ ክፍል ይመረጥ። አልጋው ሕመምተኛው ጠርዙ ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት የሚነካለት ይሁን። መገላበጥ የማይችል ሕመምተኛ ሌሊትም ሳይቀር በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ይለወጥለት፤ አለዚያ መቀመጫው፣ ዳሌውና ተረከዙ ይቈስላል። ቆዳው ቀልቶ ቢታይ መታሸት የለበትም፤ በዚያ ጎን እንዳይተኛ ተደርጎ ለጤና ባለሙያ ይነገር። የረጠበ አንሶላ ወዲያው ይለወጥ። ሲያነሡትም የዛለውን እጅ መጎተት ትከሻውን ስለሚጎዳ ክልክል ነው። ሲመገብ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ በጥቂት በጥቂቱ ይጉረስ፤ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ ይቈይ። ምግብ ወይም ውሃ ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣልና፣ ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

በብዙ ቤት ይህ ሁሉ ሸክም በአንዲት ሴት ልጅ ወይም በአንዲት ምራት ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በየ2 ሰዓቱ የምትነሣ ሴት ወራት ሲያልፉ እርሷም ሕመምተኛ ትሆናለች። ስለዚህ ተራው በወረቀት ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ገንዘብ በመስጠት ብቻ ግዴታውን የፈጸመ የሚመስለው ወንድምም በሳምንት አንድ ሌሊት ይደር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅን የመቀለብ ግዴታ የጣለው በልጆች ላይ እንጂ በሴት ልጅ ላይ ብቻ አይደለም፤ ቀለብ ሲልም ጤናን መጠበቅ ይጨምራል።

ይህም ሆኖ ቤቱ የማይችልበት ጊዜ አለ። በአዲስ አበባ እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት በተለይ ደጋፊ ያጡ አረጋውያንን የሚያነሡ ስለ ሆኑ፣ ዘመድ ያለው ሰው ለሌላው የሚሆነውን አልጋ ከመያዙ በፊት የራሱን ዐቅም ይመርምር። በክፍያ የሚያስታምም ስፍራ ቢገኝም በምግብ ሰዓት ሄዶ መጐብኘት፣ አንሶላውን ማየት፣ በሌሊት ስንት አስታማሚ እንደሚያድር መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን ሕመምተኛውን ማታለል አይገባም። «ለጥቂት ቀን ነው» ተብለው የተወሰዱ አባት ቀኑን ሲቈጥሩ ይኖራሉ፤ ልጃቸውንም ዳግመኛ አያምኑም። ምላሳቸው ቢተሳሰር እንኳ ነገሩን ሊያስተውሉ ይችላሉና፣ እውነቱ ይነገራቸው፤ ፈቃዳቸውም ይጠየቅ። የለመዱት ጋቢ፣ የጸሎት መጽሐፋቸውና ሬዲዮናቸው አብረዋቸው ይሂዱ። የመጠየቂያው ቀን ይወሰን፤ ቀኑም አይታጠፍ። ጎረቤት «አባቱን አውጥቶ ጣለ» ይላል ብሎ በይሉኝታ ብቻ በቤት አስቀምጦ ማቍሰል ክብር አይደለም፤ ለባለሙያ አስረክቦ መርሳትም እንዲሁ።

በዚህ ረገድ መምህራንና የተማሩ የከተማ ነዋሪዎች ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነው። በየዕድሩ ስብሰባ ጉዳዩን ያንሡ። ጎረቤት ሲሞት ሦስት ቀን ለመቀመጥ የማንሰንፍ ሕዝብ ነን፤ በሕይወት ሳለ በየተራው አንድ ሌሊት ብናግዝ ሕመምተኛው ከቍስል ይድናል፤ አስታማሚዪቱም እንቅልፍ ታገኛለች።