የገና አባትና የጠበበው ጫማ

እኔ በምኖርበት ጀርመን፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 5 ማታ ልጆች ጫማቸውን አጽድተው በር ላይ ያስቀምጣሉ። ጠዋት ሲነሱ ቅዱስ ኒኮላስ ለውዝ፣ ብርቱካንና ቸኮሌት ሞልቶበት ያገኙታል። የስድስት ዓመቷ ልጄ ዘንድሮ ጫማዋን አስቀምጣ ስታበቃ ቀና ብላ «አባዬ፣ አንተ ልጅ እያለህ ምን ያመጣልህ ነበር?» አለችኝ። «እኛ አገር አይመጣም» ብዬ ልገላገል ስል ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ለእኔም ይመጣልኝ ነበርና። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ፊልሞቹ ላውራ።

እኛ ቤት ታኅሣሥ የፊልም ወር ነው። የፈረንጆቹ ገናና የእኛው ታኅሣሥ 29 ተደምረው ሰፊ ጊዜ ይሰጡናል። የገና አባት ያለበት ፊልም ብዙ አይቻለሁ፤ አብዛኛው ቀይ ልብስና ነጭ ጺም ብቻ ነው። ሦስቱን ግን በየዓመቱ እደግማቸዋለሁ።

የመጀመሪያው በ1947 የወጣው «ተአምር በ34ኛው መንገድ» ነው። ኤድመንድ ግዌን በኒውዮርኩ የሜሲስ መደብር ውስጥ የገና አባት ሆኖ የተቀጠረ፣ «እውነተኛው እኔ ነኝ» የሚል ሽማግሌ ሆኖ ይተውናል፤ በዚህም የምርጥ ረዳት ተዋናይ ኦስካር ወስዷል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፍርድ ቤቱ ትዕይንት ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ከሆላንድ የመጣችው ወላጅ አልባ ልጅ ናት። አሳዳጊዋ «እንግሊዝኛ አትችልም» ብላ ተሸማቅቃ ታቀርባታለች። ሽማግሌው ፊቱ በርቶ በልጅቷ ቋንቋ ያናግራታል፣ አብረው ይዘፍናሉ። በሰው አገር በመጀመሪያው ሳምንት፣ አውቶቡስ ውስጥ ድንገት «ሐበሻ ነህ?» የሚል ድምፅ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ትዕይንት ማንም ሳያብራራለት ይገባዋል።

ሁለተኛው የ2011ዱ «አርተር ክሪስማስ» ነው። እንደ ሶፍትዌር መሐንዲስ ሳየው ያሳፍረኛል። እዚያ ፊልም ላይ የገና አባት ሥራ ዘምኗል፤ ግዙፍ የጠፈር መርከብ፣ የቁጥጥር ማዕከል፣ ሠራዊት የሚያህል ሠራተኛ አለ። ሌሊቱ ሲያልቅ የአንዲት እንግሊዛዊት ሕፃን ብስክሌት ሳይደርስ ቀርቷል። ሲስተሙን የሚመራው ትልቁ ልጅ ስቲቭ፣ ከዚህ ሁሉ ልጅ አንዷ ብትቀር ከቁጥር አይገባም ባይ ነው። ታናሹ አርተር ግን፣ ያ ዝርክርክ ልጅ፣ ከአያቱ ጋር በአሮጌው ጋሪ ይነሳል።

ስቲቭ እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን የስህተት መጠኑ 0.01 በመቶ ሲሆን ይጨበጨባል። በቀን አሥር ሚሊዮን ጥያቄ ለሚያስተናግድ ሲስተም ይህ 1,000 ጥያቄ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነው የሚታየው። ከአንዱ ጥያቄ ጀርባ ለእናቱ ብር ለመላክ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ያልሆነለት ሰው ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛው፣ ስፔናዊው ሰርጂዮ ፓብሎስ በ2019 የሠራው «ክላውስ» ነው። ዬስፐር የሚባል ሰነፍ ፖስተኛ በዓመት 6,000 ደብዳቤ እንዲያስተላልፍ ታዝዞ ወደ አንድ በረዷማ ደሴት ይላካል። እዚያ ዝምተኛ እንጨት ቆራጭ ያገኛል፤ ቤቱ በአሻንጉሊት የተሞላ ነው። አሻንጉሊቶቹ እሱና ሟች ሚስቱ ሲመኙት ኖረው ላልመጣላቸው ልጅ የተሠሩ ናቸው። ጄ. ኬ. ሲመንስ ድምፁን የሰጠው ይህ ክላውስ ብዙ አያወራም፣ አይስቅምም። ስጦታ ከደስታ ብቻ ሳይሆን ከናፍቆትም እንደሚመጣ ያየሁት በእሱ ነው።

አሁን ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ።

እናቴ አረብ አገር የሄደችው ሰባት ዓመቴ ላይ ነበር። በየዓመቱ ገና ሲደርስ በመንገደኛ እጅ ሻንጣ ትልክልን ነበር። አሥር ዓመቴ ላይ ነጭ ስኒከር መጣልኝ። የእግሬን ቁጥር የምታውቀው ከሄደችበት ጊዜ ነው፤ ያድጋል ብላ ሁለት ቁጥር ጨምራ ገዝታለች። እግሬ ግን ከግምቷ ቀድሟል። ስልክ ስትደውል «ልክክ ብሎኛል እማዬ፣ ልክክ!» አልኳት። በገና ዕለት ጣቶቼን አጥፌ ቤተክርስቲያን ደርሼ ተመለስኩ።

አምና እናቴ ልትጠይቀን መጥታ «ክላውስ»ን ከልጄ ጋር አየች። ቋንቋው አይገባትም፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ አስተረጉማለሁ። የአሻንጉሊቱ መደርደሪያ ጋ ሲደርስ ዝም ብላ ቆየችና «ያ ጫማ ጠቦህ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ልጅ ጫማው ልኩ ከሆነ ስለ ቀለሙ ነው የሚያወራው። አንተ ስለ ልኩ ብቻ አወራህ።»

ሃያ ዓመት ይዛው ኖራለች። በሻንጣው ከደረሰው ሁሉ እሷ የቆጠረችው ያልሆነውን አንዱን ነው።

ለልጄ ታዲያ እውነቱን ነገርኳት፤ የእኔ የገና አባት አያቷ እንደሆነች። ትንሽ አሰበችና «ጺም ግን የላትም» አለች። «የላትም» አልኳት።

ዘንድሮም ወደ አገር ቤት ሻንጣ የምታሳስሩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉና ቁጥሩን ጠይቁ። ልጁ ራሱ ይንገራችሁ፤ ሳታዩት አድጓል።