ቤት መግዛትና ጎረቤት መሆን

በአዲስ አበባ የሚኖር ብዙ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ዛሬ አንድ ከባድ ጥያቄ ቀርቦበታል። ይኸውም አሮጌው ሰፈር ፈርሶ በአዲስ መልክ በሚሠራበት በከተማው መካከል፥ ከፎቅ ቤቶች አንዱን እንግዛ ወይስ እንተው የሚል ነው። አባት ስለ ሥራው ቅርበት፥ እናት ስለ ልጆች ትምህርት ቤት፥ አያት ስለ ደብራቸውና ስለ ዕድራቸው ያስባሉ፤ ሁሉም እውነት አላቸው። ስለዚህ በችኰላ ከመወሰን በፊት ነገሩን በሥርዓት ልንመረምረው ይገባናል።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፥ በአራዳ፥ በልደታ፥ በካዛንችስና እነዚህን በመሰሉ ሰፈሮች ብዙ ቤቶች የቀበሌ ኪራይ ቤት ሆኑ። ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ስለ ነበረ ድኻው በከተማው መካከል ሊኖር ቻለ፤ ነገር ግን የሚያድሰው ስለ ታጣ ግድግዳው አዘመመ፥ ቆርቆሮውም ዛገ። ከዚያ በኋላ በልደታ አሮጌው መንደር ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም ቆመበት፤ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፥ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያም በካዛንችስ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ቤት ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የዳርቻ ሰፈሮች ተዛወረ። እንግዲህ ገዢው የሚገባበት ቦታ ባዶ ሜዳ አይደለም፤ ሰዎች ተዛዝነውና ተቀባብረው የኖሩበት ነው።

ስለ ቤትና ስለ ቦታ ግዢ ከአባታችን ከአብርሃም የሚሻል አስተማሪ አላገኘንም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 23 እንደምናነበው፥ ሣራ በሞተች ጊዜ ለመቃብር የሚሆን ዋሻ ከኤፍሮን ገዛ። በነጻ እንስጥህ ቢሉት አልወደደም፤ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። እርሻውና ዋሻው፥ በወሰኑ ውስጥ ያሉት ዛፎችም ሳይቀሩ ተለይተው በአገሩ ሰዎች ምስክርነት ለእርሱ ሆኑ። ለእነዚያም ሰዎች በትሕትና እጅ ነሣ። ከዚህ ሦስት ትምህርት እናገኛለን።

የመጀመሪያው ዋጋውን እስከ መጨረሻው መቍጠር ነው። ደላላ የሚናገረው የቤቱን ዋጋ ብቻ ነው። አንድ ቤተ ሰብ 4,000,000 ብር ከባንክ ተበድሮ በ20 ዓመት ሊከፍል ቢዋዋል፥ ወለዱም በዓመት ከመቶ 18 ቢሆን፥ በየወሩ 61,700 ብር ያህል ይከፍላል፤ በመጨረሻም የከፈለው ሁሉ ሲደመር ወደ 14,800,000 ብር ይደርሳል። በዚህ ላይ የጥበቃና የጽዳት፥ የውኃ መሳቢያና የሊፍት መዋጮ አለ። ይህን ለመክፈል የልጆች ምግብ የሚጓደል፥ አሥራቱ የሚቀር፥ ለታመመ ዘመድም እጅ የሚያጥር ከሆነ፥ ያ ቤት ከአቅም በላይ ነው። ደግሞም ከመንግሥት ኮንዶሚኒየሞች ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም፤ ጕልበታቸው የደከመ እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ቢቀመጡ ከቅዳሴ መቅረታቸው ነውና ይህም ከዋጋው ጋር ይቈጠር።

ሁለተኛው በምስክር ፊት፥ ወሰኑን ለይቶ መግዛት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። እንግዲህ ሰው በወዳጅነት ብቻ ተማምኖ በመንደር ውል ቀብድ አይስጥ። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ የባልም የሚስትም ፊርማ ይታይ፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የጋራ ቤትን ለመሸጥ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃልና። ካርታው በማን ስም እንደ ሆነ፥ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት፥ በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ከሆነም ሽያጭ የሚከለከልበት 5 ዓመት ማለፉ ይመርመር። ደረጃውና ጣራው፥ ግቢውም በአዋጅ ቍጥር 370/1995 መሠረት የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ስለ ሆነ፥ የሕንፃው ማኅበር ሂሳቡን በደኅና መያዙ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ሦስተኛው የአገሩን ሰው ማክበር ነው። ድኻው በተነሣበት ቦታ ቤት መግዛት ኃጢአት አይደለምን ብለው የሚጨነቁ ምእመናን አሉ፤ ጭንቀታቸውም የሕሊና ነውና ልንንቀው አይገባም። ማፍረሱን ያዘዘው ገዢው አይደለም፤ ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ቤት መግዛቱም በራሱ ኃጢአት አይሆንም። ነገር ግን የናቡቴን ወይን እናስታውስ። ካሣውን ያልተቀበለ ሰው እየጮኸ፥ ወይም አንዲት መበለት በፍርድ ቤት እየተከራከረች ባለችበት ቦታ የሚሸጥ ቤት ቢሆን፥ ዋጋው ምንም ቢረክስ ክርስቲያን እጁን ይሰብስብ። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለበትና ከገዛ ግን፥ እንደ ጎረቤት ይግባ። በዕድሩ ይመዝገብ፤ የልቅሶ ድንኳን በሚተከልበት ቀን በሩን ዘግቶ አይቀመጥ። ወደ ዳርቻ የሄዱት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በንግሥ በዓል ወደ ቀድሞ አጥቢያቸው ይመለሳሉ፤ እነርሱን ወደ ቤቱ አስገብቶ እንጀራና ጠላ ቢያቀርብ፥ የሰፈሩ ፍቅር ከግድግዳው ጋር ፈርሶ አይቀርም።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። ዕዳው የዕለት እንጀራን የማይነካ፥ ሰነዱ የጠራ፥ የተበደለ ሰው እንባ የሌለበት ቤት ቢገኝ፥ ቤተ ሰቡ ተማክሮ፥ የንስሓ አባቱንም ጠይቆ ይግዛ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ይቈይ፤ ተከራይቶ በሰላም መኖር ውርደት አይደለምና። አብርሃም ራሱ ዘመኑን በድንኳን ኖረ፤ እንግዳ ግን ከደጁ ሳይበላ አልተመለሰም።