የመላጫ ሳሙና ሲመርጡ ከመዓዛው በፊት አረፋውን ይመልከቱ

የጢም መላጫ ሳሙና ሲገዙ መጀመሪያ የሚያደርጉት ወደ አፍንጫዎ ማስጠጋት ነው? ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ቆዳዎን የሚጠብቀው ግን አረፋው ነው።

በብሩሽ የሚመታ ሳሙና ጥሩነቱ በአረፋው ብዛት አይለካም። እንደ ልብስ ሳሙና ተነፍቶ ቶሎ የሚጠፋው አብዛኛው አየር ነው። ጥሩ አረፋ እንደ እርጎ ወፈር ያለ ሆኖ ፊት ላይ 2 እና 3 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ጢሙ ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል፤ ምላጩም ሳይጎትት ይቆርጠዋል። በጣትዎ አሽተውት ካላሟለጨ ጥቂት ውሃ ጨምረው ደግመው ይምቱት።

መዓዛው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሳሙናው ውስጥ የሚጨመረው ሽቶ አንዳንድ ሰዎች ላይ የቆዳ አለርጂ ያስነሳል። ማሳከኩ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሊጀምር ስለሚችል ሳሙናውን የሚጠረጥር የለም፤ ምስኪኑ ምላጭ ይወቀሳል። በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላቱ በግልጽ ላይታይ ይችላል። የሜንቶል ቅዝቃዜም ስሜት እንጂ ሕክምና አይደለም። ቆዳዎ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ሽቶ የሌለውን ይምረጡ።

አገጭና አንገት ላይ የሚወጣው እብጠት ሁሉ ግን በሳሙና የመጣ አይደለም። ከርደድ ያለ ጢም ሲላጭ ጫፉ ሾሎ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህን የትኛውም ሳሙና ብቻውን አያድነውም። ጢምዎ በበቀለበት አቅጣጫ ይላጩ፤ አንዱን ቦታ አይደጋግሙ። ካልቀነሰ ለጥቂት ሳምንታት ምላጭ ትተው በማሽን ያሳጥሩት። መግል ከያዘ ወይም ጠባሳ መተው ከጀመረ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።