ከሰማይ አንድም ኮከብ አልጐደለም

የደጋ ሰው ስለ ቆላ ሲነገረው የሚያስበው ፀሐዩንና ሙቀቱን ብቻ ነው። በእርግጥም በምዕራብ አርማጭሆ፥ በአብርሃ ጅራ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ሜዳ፥ በሚያዝያ ወር ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ስለሚደርስ ሰውም ከብትም ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ነገር ግን ታኅሣሥ በገባ ጊዜ ይህ አገር ሌላ ጠባይ ያሳያል። ሰሊጡ ተራግፎ ወደ ገበያ ሄዷል፤ ማሽላው ተቈርጦ በየአውድማው ተከምሯል፤ ሰማዩም ከደመና ጠርቶ እንደ ታጠበ ብርሌ ይሆናል። ሌሊት የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ የቀኑን ሙቀት ይዞት ስለሚሄድ፥ ለደገኛ ቀላል የሚመስለው ብርድ ሙቀት ለለመደው ለቆላው ሰው አጥንት የሚሰብር ሆኖ ይገኛል።

እኛም በዚህ ብርድ ውስጥ በ2010 ዓ. ም. ታኅሣሥ 4 ቀን ለ5 አጥቢያ ከደጅ አድረን ያየነውንና የሰማነውን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ልንነግር ወደድን።

የወጣነው አራት ወዳጆች ነበርን። አንደኛው በትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር፥ ሁለተኛው በጤና ጣቢያ የሚያገለግል፥ ሦስተኛው የሰሊጥ ነጋዴ፥ አራተኛውም ይህን የምንጽፈው እኛ ነን። በዚያች ሌሊት ተወርዋሪ ኮከብ በብዛት እንደሚታይ አስቀድሞ አንብቦ የነገረን መምህሩ ነው። የከተማው መብራት ዐይናችንን እንዳያሰናክለው በማለት ግማሽ ሰዓት ያህል በእግራችን ከከተማ ወጥተን፥ ነጋዴው ወዳጃችን ወደሚያውቀው አንድ የማሽላ አውድማ ደረስን። በዚያም የአውድማው ጠባቂ የሆኑ አንድ ሽማግሌ እሳት አንድደው፥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው አገኘናቸው። እኛም «እግዚአብሔር አዝመራውን ይባርክ» ብለን ሰላምታ ብንሰጥ፥ እርሳቸው «አሜን፥ ኑ ልጆቼ፥ እሳት ሙቁ» ብለው በደስታ ተቀበሉን።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ዐይናችንን ወደ ምሥራቅ አቀናን። የከዋክብቱ ውርወራ መነሻ ሆኖ የሚታየው ሁለት ደማቅ ከዋክብት ጐን ለጐን የቆሙበት ስፍራ ሲሆን፥ ይኸውም በአገራችን ኮከብ ቈጣሪዎች ዘንድ ጀውዛ የሚባለው ነው። ስፍራው ገና ዝቅ ብሎ ሳለ የታዩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ነገር ግን አንዱ ከምሥራቅ ተነሥቶ ሰማዩን በረጅሙ አቋርጦ በምዕራብ እስኪጠፋ ድረስ አራታችንም በአንድ ቃል ጮኽን። ሌሊቱ እየገፋ ጀውዛም ከፍ እያለ በሄደ ቍጥር የሚወረወሩት በዙ። አንዱ ነጭ፥ አንዱ ቢጫ መሳይ፥ አንዱም ለቅጽበት ጥላችንን በምድር ላይ እስኪጥል ድረስ ብሩህ ነበረ። መምህሩ በመዝገቡ ላይ ምልክት እያደረገ፥ እኛም «አርባ! አርባ አንድ!» እያልን በመቀባበል፥ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ብቻ 83 ቈጠርን። ብርዱም ተረሳ።

በዚህ ሁሉ ደስታችን ውስጥ ሽማግሌው ዝም ማለታቸውን ልብ አላልንም ነበር። በኋላ ግን ብንመለከት፥ ጋቢያቸውን እስከ ዐይናቸው ስበው ወደ እሳቱ ብቻ ይመለከቱ ነበር፤ እኛ ቍጥር በጠራን ጊዜም ሁሉ በቀስታ «ነፍስ ይማር» ይሉ ነበር። ነጋዴው ወዳጃችን ይህን ሰምቶ «አባቴ፥ ምነው? አመምዎን?» ብሎ ጠየቃቸው።

እርሳቸውም፥ «ልጆቼ፥ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ አትቍጠሩ» አሉን። «ለሰው ሁሉ ከሰማይ ላይ ኮከብ አለው፤ ሰው ሲሞት ኮከቡ ይወድቃል ብለው አባቶቻችን ነግረውናል። ልጄ ለእርሻ ሥራ ወደ ሱዳን ከተሻገረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከመስከረም ወዲህ ስልኩ አይሠራም። እናንተ ሰማንያ ስትሉ፥ እኔ ከሰማንያው ውስጥ የርሱ የትኛው እንደ ሆነ አስባለሁ» አሉ።

ሁላችንም ደነገጥን። ለእኛ ጨዋታ የነበረው ቍጥር ለእርሳቸው የመርዶ ቍጥር ሆኖ ነው ያመሸው። ከመካከላችን በልቡ «ይህማ ያልተማረ ሰው ተረት ነው» ብሎ የናቀ አልነበረም ብንል እንዋሻለን፤ ያም ሰው ሌላ ሳይሆን እኛው ነበርን። ነገር ግን የአባት ጭንቀት ተረት እንዳልሆነ ወዲያው ስለ ገባን አፈርን።

መምህሩም መዝገቡን አጥፎ አጠገባቸው ተቀመጠና ነገሩን ያስረዳቸው ጀመር። መሬት በፀሐይ ዙሪያ ስትሄድ በየዓመቱ በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ የትቢያ መንገድ ታቋርጣለች። ትቢያውን በመንገዱ የበተነው፥ ሊቃውንት በ1976 ዓ. ም. በሳተላይት ረዳትነት ያገኙት፥ ፋኤቶን የሚባል ወርዱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ድንጋያማ አካል ነው። ይህ አካል ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 1 ዓመት ከ5 ወር ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያውም ሳምንት፥ ታኅሣሥ 7 ቀን፥ ከመሬት 10 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚያልፍ ነበር። መምህሩ ከአውድማው አንድ የማሽላ ፍሬ አንሥቶ በሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖረና፥ «አባቴ፥ አሁን የወደቀው ይህን ያህል ወይም ከዚህ ያነሰ ትቢያ ነው» አላቸው። ትቢያው መኪና በደኅና መንገድ በግማሽ ሰዓት የሚሄደውን 35 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰኮንድ እየሄደ ከአየር ጋር ሲጋጭ፥ ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ግሎና በርቶ ይጠፋል። ከዋክብት ግን እጅግ ከመራቃቸው የተነሣ ትንንሽ ሆነው የሚታዩን ፀሐዮች ናቸውና ወደ እኛ አይወድቁም።

ሽማግሌው ፍሬዋን በጣታቸው እያገላበጡ ከሰሙ በኋላ፥ «ልጄ፥ የምትለው ሁሉ ደኅና ነው። እኔ ግን ፊደል አልቈጠርሁም፤ አውቃለሁ የምለው ዐይኔ ያየውን ነው» አሉ። መምህሩ የሚመልሰው አጣ።

በዚህ ጊዜ የጤና ባለሙያው ወዳጃችን አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «አባቴ፥ ከከዋክብቱ መካከል ለይተው የሚያውቋቸው አሉ?» አላቸው። እርሳቸውም እንደ መገረም ብለው፥ «እንዴት አላውቅ! ሌሊት ሌሊት እህል ስጠብቅ ሰዓቱን የምለየው በምን ይመስልሃል? ሰባቱን ከዋክብት አውቃለሁ፤ በአንድ መስመር የተሰለፉትን ሦስቱን አውቃለሁ፤ ከነርሱ በስተኋላ የሚመጣውን ብርሃነ ብዙውን አውቃለሁ» አሉ። ወዳጃችንም፥ «እንግዲያስ ካመሸን ጀምሮ ሁለት መቶ ያህል ወድቋል። ከሚያውቋቸው የጐደለ እንዳለ እስቲ ይመልከቱልን» አላቸው።

ሽማግሌው ጥቂት ቆዩ። ከዚያም ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው ተነሡ፤ የእሳቱ ብርሃን እንዳያስቸግራቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ላይ አቀኑ። አስቀድሞ ወደ ምዕራብ ማዘንበል የጀመሩትን ሰባቱን ከዋክብት በጣታቸው እያመለከቱ ቈጠሩና፥ «ስድስት ናቸው» አሉ። እኛ ደንግጠን ዝም ባልን ጊዜ እርሳቸው ፈገግ ብለው፥ «ድሮም ለእኔ ዐይን ስድስት ናቸው፤ ሰባተኛውን አይቼው አላውቅም» አሉ። የብዙ ሰው ዐይን የሚያየው ስድስት ብቻ ስለ ሆነ ነገሩ እውነት ነው። ቀጥሎም ሦስቱን ቈጠሩ። ገና ጣታቸውን ሳያወርዱ አንድ ተወርዋሪ ኮከብ በሦስቱ አጠገብ ሾልኮ አለፈ። እርሳቸውም እንደ ቀድሞው ሳይሸሹ ዐይናቸውን ተክለው ቆዩና፥ «ሦስት ናቸው። ሦስት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ወደ አራቱም ማዕዘን እየዞሩ ከተመለከቱ በኋላ ተቀምጠው፥ «አልጐደለም» አሉን።

ነገር ግን የአባት ልብ አንድ ነገር ቀርቶት ኖሮ፥ «እንግዲያ ከትቢያው ተለቅ ያለ ቢኖርስ? በሱዳን በኩል ወድቆ ሰው የሚጐዳ የለም?» ብለው ጠየቁ። መምህሩም በ2001 ዓ. ም. የሆነውን ነገራቸው። በዚያ ዓመት መስከረም 26 ቀን በአሜሪካ አገር በአሪዞና የሚገኙ ተመራማሪዎች ወርዱ 4 ሜትር ያህል የሆነ ድንጋይ ወደ መሬት ሲመጣ በመነጽር አዩ። ከሰማይ የሚመጣ ድንጋይ ከመውደቁ በፊት ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በማግሥቱ፥ መስከረም 27 ቀን፥ ፀሐይ ሳትወጣ በሰሜን ሱዳን በረሃ ላይ በ37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ፈንድቶ ተበታተነ። ሰውም አልተጐዳም። በኋላም የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓውያ ሸዳድና የከዋክብት ተመራማሪው ፒተር ጄኒስከንስ ከተማሪዎች ጋር ሆነው፥ በአሸዋው ላይ ተሰልፈው እየተራመዱ 600 ያህል ስብርባሪ ለቀሙ። ሁሉ ተሰብስቦ ቢመዘን ከ10 ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ድንጋዩም በአቅራቢያው በነበረው የባቡር ሐዲድ ጣቢያ ስም አልማሃታ ሲታ፥ ማለት ጣቢያ 6፥ ተብሎ ይጠራል።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ፥ «ለጠጠር ይህን ያህል ሰው ተሰልፎ ፈለገ?» ብለው ጥቂት ዝም አሉ። ስለ ምን እንዳሰቡ ሁላችን ስላወቅን የተናገረ የለም። ነጋዴው ወዳጃችን ግን የልጁን ስምና መጨረሻ ይሠራበት የነበረውን ስፍራ ጠይቆ ጻፈ፤ በመተማ በኩል ወደ ገላባት የሚመላለሱ የሚያውቃቸው ሰዎች ነበሩትና እጠይቃለሁ ብሎ ተስፋ ሰጣቸው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ቀጭን ጨረቃ በምሥራቅ ወጣች። ሽማግሌው የሞቀ ቡና ሰጥተውን፥ ራሳቸውም እየጠጡ ወደ ላይ ይመለከቱ ነበር። ስንሰናበታቸውም፥ «የልጄን ወሬ አላመጣችሁልኝም። ከእንግዲህ ግን ሌሊት ቀና ብዬ ለማየት አልፈራም» አሉን። እኛ ከአብርሃ ጅራ እስከ ተነሣንበት ቀን ድረስ የልጁ ወሬ አልተገኘም ነበር። የጠፋ ልጅ ነገር በከዋክብት ትምህርት አይፈታም፤ ይሁን እንጂ በእውነተኛው ጭንቀት ላይ የተጨመረው የሐሰት መርዶ ከአንድ አባት ትከሻ መውረዱን አይተናል።

እንዲህ ያለው ፍርሃት የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስለን። በኅዳር 1826 ዓ. ም. በሰሜን አሜሪካ ከዋክብት እንደ በረዶ በተወረወሩበት ሌሊት ብዙ ሰው የዓለም ፍጻሜ ደረሰ ብሎ ተንበርክኮ አልቅሷል። ኦልምስቴድ የሚባለው መምህር ግን ሰዎች ያዩትን ጽፈው እንዲልኩለት ጠይቆ፥ ምስክርነታቸውን አሰባስቦ፥ ተወርዋሪዎቹ ሁሉ ከአንድ ስፍራ የሚነሡ ሆነው መታየታቸውን አስረዳ። የዚህ ትምህርት መሠረት የፈሩት ሰዎች የዐይን ምስክርነት ነበረ ማለት ነው።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አለቆች ሆይ፥ ይህን ትርኢት ለልጆቻችሁ ለማሳየት ብትወዱ ወራቱ ታኅሣሥ 4 እና 5 ገደማ ነው። በሰሜን አገሮች የሚኖሩ ሰዎች አብልጠው የሚያወድሱት በነሐሴ 6 እና 7 ገደማ የሚታየውን ሲሆን፥ በእኛ አገር ያን ጊዜ ክረምት ስለ ሆነ ደመናው ይጋርደዋል። የታኅሣሡ ግን ከጠራ ሰማይ ጋር ይገጥማል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማም ጀውዛ ወደ ራስ አናት ይቀርባል። ጨረቃ በሌለችበትና ሰማዩ ፈጽሞ በጨለመበት ስፍራ በሰዓት እስከ 120 ሊታይ ይችላል። ለዚህ በእንጦጦ ተራራ ላይ እንደ ተተከሉት ያለ ትልቅ መነጽር አያስፈልግም፤ ባዶ ዐይን ይበቃል። ከመብራት ራቁ፤ ዐይን ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ 20 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ የስልክ ብርሃን አትክፈቱ፤ ልጆቹንም በጋቢ ጠቅልላችሁ በጀርባቸው አስተኟቸው።

ነገር ግን ከመቍጠራችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለው ሰው፥ ዘበኛው ይሁን አሽከሩ ወይም አያት፥ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚያስብ ጠይቁት። ብዙ ሰው በሥሩ የሚያስተዳድር ሹም ይህን ከማንም በላይ ሊያስብበት ይገባል። እኛ ያን ሌሊት ዕውቀታችንን ይዘን ብንወጣም ከሽማግሌው ጋር ያገናኘን ንግግራችን አልነበረም። ያገናኘን እርሳቸው አስቀድመው የሚያውቋቸውን ከዋክብት በገዛ ዐይናቸው እንዲቈጥሩ መለመናችን ነበር።