ክብደት ሲቀንስ በሰውነት ውስጥ ምን ይከናወናል?

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከግርጌዋ ቆላማው የጎልቦ ምድር ይዘረጋል። በዚህ አካባቢ የአርብቶ አደሩ ኑሮ ለዘመናት የተመሠረተው በወተት፣ በሥጋና በረጅም የእግር ጉዞ ላይ ነበር። ተደጋጋሚ ድርቅ ከብቱን ሲጨርስ ግን ብዙዎች ወደ ከተማ ለመግባት ተገደዋል።

ይህ ለውጥ በጤና ላይ ምን ያስከትላል? ከጎልቦ በስተምዕራብ በሚኖሩት የቱርካና አርብቶ አደሮች ላይ የተደረገና በ2020 የታተመ ጥናት ፍንጭ ይሰጣል። ከ1,200 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት በዚህ ጥናት፣ ወደ ከተማ የገቡት ሰዎች የልብና የሜታቦሊዝም ጤና በገጠር ከቀሩት ወገኖቻቸው የከፋ ሆኖ ተገኝቷል።

ቦርጭና ብግነት

ስብ የተከማቸ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ሆርሞንም ያመነጫል። ከእነዚህ አንዱ በ1994 የተገኘው ሌፕቲን ሲሆን፣ ሰውነት በቂ ስንቅ እንዳለው ለአንጎል ይነግራል።

በሆድ ዕቃ ዙሪያ ስብ ሲበዛ የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት በዚያ ይሰበሰባሉ፤ ብግነት የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችንም ይለቃሉ። ይህ ዝቅተኛ ግን የማያቋርጥ ብግነት ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያውካል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚጀምርበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው። ክብደት ሲቀንስ ብግነቱም አብሮ ይረግባል።

የቀነሰው ክብደት ለምን ይመለሳል?

ምግብ ሲቀነስ የሌፕቲን መጠን ይወርዳል፤ ጨጓራ የሚያመነጨውና ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ደግሞ ይጨምራል። ሰውነትም ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል። በአውስትራሊያ ተካሂዶ በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ለ10 ሳምንታት ምግባቸውን በእጅጉ የቀነሱ 50 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላም የረሃብ ሆርሞኖቻቸው ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው አልተመለሱም።

ስለዚህ ክብደቱ የተመለሰበት ሰው ፈቃደ ደካማ ነው ማለት አይቻልም። ሰውነት በድርቅ የመጣን ረሃብ በፈቃድ ከተጀመረ የአመጋገብ ለውጥ አይለይም፤ ለሁለቱም የሚሰጠው ምላሽ ራስን ማትረፍ ነው።

እንቅስቃሴ ምን ይጨምራል?

እንቅስቃሴ ብቻውን ብዙ ክብደት አይቀንስም። ሆኖም የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን እገዛ ጭምር ስኳርን ከደም ይወስዳል፤ ብግነትን የሚያረግቡ ንጥረ ነገሮችንም ይለቃል። ምግብ ሲቀነስ ከስብ ጋር ጡንቻም እንዳይሟሽሽ ይከላከላል።

በ2002 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት የሁለቱን ጥምር ውጤት አሳይቷል። ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ተሳታፊዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ግብ ተቀመጠላቸው። በሽታው የሚይዛቸው ሰዎች ቁጥር በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት ያስገኘው ቅናሽ 31 በመቶ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል። የሻይን ስኳር መቀነስ፣ ባቄላና ምስርን ማዘውተርም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች ግን አመጋገባቸውን ከመለወጣቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። ድርቅ ያከሳው ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው በቂ ምግብ ነው። እንደ ጎልቦ ባሉ አካባቢዎች ሁለቱ ችግሮች በአንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ።